ፒ-51 ማስታንግን ከቤት ማብረር፦ መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ መትረየስ

ዲሲኤስ ወርልድ የሚባለውን የበረራ ሲሙሌተር አዲስ የጫነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ይመርጣል፤ የውጊያ ሚሽን ይከፍታል፤ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ይሰጠዋል። የመረጠው ማስታንግ ከሆነ ገና ሳይነሳ ወደ ግራ ይስበውና ከማኮብኮቢያው አውጥቶ ሣር ላይ ይጥለዋል። አንዱ ክንፍ ይሰበራል። ሁለት ሦስቴ ይሞክርና "የእኔ ጆይስቲክ ለዚህ አይሆንም" ብሎ ይተወዋል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። ጆይስቲኩ ይሆናል። አውሮፕላኑም ምንም አልሆነም፤ እውነተኛው ማስታንግም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። የሚያስፈልገው ከበረራው በፊት ለማስተካከያው በቂ ጊዜ መስጠት፣ ቀጥሎም ስለ መትረየስ ከማሰብ በፊት እግርን ማሠልጠን ነው። ይህን አውሮፕላን በሲሙሌተር ማብረር ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። አዳዲስ ልጆችን አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለማምድም ያየሁት ይኼንኑ ነው፤ ተስፋ የሚያስቆርጣቸው ውጊያው ሳይሆን ከውጊያው በፊት ያለው ነገር ነው።

በነፃ መጀመር ይቻላል

ለመጀመር ምንም መግዛት አያስፈልግም። ዲሲኤስ ራሱ በነፃ ይወርዳል። አብሮት ቲኤፍ-51ዲ የሚባል ማስታንግ ይመጣል። መትረየስና ቦምብ የለውም እንጂ ሞተሩም ሆነ አበራሩ ከሚሸጠው ፒ-51ዲ ጋር ተመሳሳይ ነው። የካውካሰስና የማሪያና ደሴቶች ካርታዎችም ነፃ ናቸው። ስለዚህ መነሳት፣ ማረፍና ሞተር መያዝ እስክትለምዱ ድረስ ኪሳችሁን አትንኩ።

የፋይሉ መጠን ግን በጣም ትልቅ ነው። በሞባይል ዳታ አይታሰብም። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሌሊት እየተዋችሁት አውርዱ፤ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ላይ ካልተጫነ ሚሽን ለመክፈት የሚፈጀው ጊዜ ያሰለቻል። ራም 16 ጊጋባይት ያስነሳዋል፣ 32 ካላችሁ ግን እፎይ ትላላችሁ። እንደኔ አዲስ አበባ ያለ ሰው ዴስክቶፕ የሚጠቀም ከሆነ ዩፒኤስ ቢኖረው ጥሩ ነው። ማረፊያው ላይ ጎማ ልታስነኩ ስትሉ መብራት ሲጠፋ ያለውን ብስጭት የቀመሰ ያውቀዋል።

ጆይስቲክ በቀላሉ ሱቅ ውስጥ አይገኝም። አብዛኞቻችን ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው የምናስመጣው። ምርጫ ካላችሁ እጀታው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚጠመዘዝ ይሁን። ሎጂቴክ ኤክስትሪም ስሪዲ ፕሮ ወይም ትረስትማስተር ቲ.16000ኤም ከሆነ ይበቃል። የእግር ፔዳል ካገኛችሁ በጣም ጥሩ፤ ካላገኛችሁ ግን የሚጠመዘዘው እጀታ የፔዳሉን ሥራ ይሠራል። በጨዋታ መጫወቻ ጌምፓድ ማስታንግ ማብረር ይቻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም። የጌምፓዱ ዘንግ በጣም አጭር ስለሆነ የጣት ትንሽ እንቅስቃሴ አውሮፕላኑን ያዘልለዋል።

ማስተካከያው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መጀመሪያ የምትከፍቱት የቁጥጥር ገጹን ነው። ዲሲኤስ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኘ መሣሪያ ሲያይ ሳይጠየቅ ዘንጎችን፣ ማለትም የመሣሪያው እንቅስቃሴ አውሮፕላኑ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ በራሱ ይመድባል። ጆይስቲክ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ጆይስቲክ፣ ትሮትል (የሞተር ኃይል መስጫ እጀታ) እና ፔዳል ለየብቻ ካላችሁ ግን ለሦስቱም ተመሳሳይ ሥራ ይሰጣቸዋል። የግራ ፔዳል ስትረግጡ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፤ ትሮትል ስትገፉ ክንፉ ይዘቀዘቃል። ብዙ ሰው "ሲሙሌተሩ አበደ" የሚለው እዚህ ጋ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከላይ አውሮፕላኑን ምረጡ፣ የዘንጎችን ዝርዝር ክፈቱ፣ በእያንዳንዱ መሣሪያ ዓምድ ሥር የማትፈልጉትን ምደባ አጥፉ። ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ለየብቻ መደረግ አለበት፤ የቲኤፍ-51 ማስተካከያ ወደ ፒ-51 በራሱ አይሄድም። ሲያልቅ ፕሮፋይሉን አስቀምጡትና ኋላ ለሌላው ጫኑት።

ማስታንግ የሚፈልጋቸው ዘንጎች አምስት ናቸው። አፍንጫ ማንሻና መዝቀዣ፣ ክንፍ ማዘንበያ፣ የጅራት መሪ፣ ትሮትል እና የፕሮፔለር ዙር መቆጣጠሪያ። ጆይስቲካችሁ አንድ ተንሸራታች ብቻ ካለው ለትሮትሉ ስጡት። የፕሮፔለሩን ዙር በሁለት ቁልፎች ከፍና ዝቅ እንዲል አድርጉ፤ በበረራ ላይ የምትነኩት አልፎ አልፎ ነው። ትሮትሉ ሲገፋ ኃይሉ የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ የዘንጉን አቅጣጫ የሚገለብጠውን ምልክት ንኩ።

ቀጥሎ የሚመጣው ከርቭ የሚባለው ነው፤ እኔ በጣም ጊዜ የምሰጠው ለእሱ ነው። የእውነተኛው ማስታንግ ስቲክ ረጅም ነው፤ ከጉልበት መሃል ተነስቶ ብዙ ርቀት ይንቀሳቀሳል። ጠረጴዛ ላይ ያለው ጆይስቲክ ግን ሙሉ መንገዱ የእጅ መዳፍ ያህል ነው። ያው ሥራ በትንሽ ርቀት ሲጨመቅ መሃል ላይ ከመጠን በላይ ይነቃል። ስለዚህ ለአፍንጫና ለክንፍ ዘንጎች ከርቩን ከ15 እስከ 20 አድርጉት። መሃሉ ይለዝባል፣ ጫፉ ላይ ግን ሙሉ ኃይሉ አለ። ከ25 በላይ አትሂዱ። መሃሉ በጣም ሲለሰልስ ጫፉ ድንገት ይሾልና ጠበቅ ባለ ዙር ውስጥ አውሮፕላኑን ታጡታላችሁ። ለሚጠመዘዝ እጀታ ከከርቩ ሌላ ትንሽ የሞተ ቀጠና፣ ማለትም እጀታው ሲነካ ምላሽ የማይሰጥበት መሃል፣ ጨምሩ፤ ከ3 እስከ 5 ይበቃል። ያለዚያ ስቲኩን ወደ ጎን ስትገፉ ሳታስቡት መሪውንም ታጠመዝዛላችሁ።

ማስተካከያው መሥራቱን ለማየት ሚሽን ውስጥ ሆናችሁ ቀኝ ኮንትሮልና ኢንተርን አንድ ላይ ንኩ። ጥግ ላይ ትንሽ ሥዕል ይመጣል። ስቲኩ፣ መሪውና ትሮትሉ የት እንዳሉ በቀጥታ ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን ሥዕል አታጥፉት። እጃችሁ የሚያደርገውንና እናንተ አደረግሁ የምትሉትን ልዩነት የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ከዚያ ስፔሻል በሚለው ገጽ ላይ የማስታንግን ስም ፈልጉ። ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ በመነሳት ጊዜ የሚረዳ ነው፤ ሁለተኛው መሪውን በራሱ የሚነካ። ሁለቱም ለጀማሪ ተብለው የተቀመጡ ናቸው። እኔ ግን ሁለቱንም ከመጀመሪያው ቀን ዜሮ እንድታደርጉ ነው የምለው። ክፉ ሆነው አይደለም። ሲሙሌተሩ መሪውን በስውር ሲነካና እናንተም ስትነኩ ሁለት ሰው አንድ መሪ እንደያዘ ይሆናል። የትኛው እንቅስቃሴ የእናንተ እንደሆነ አታውቁም፤ ስለዚህ እግር አይማርም። በጌምፕሌይ ገጽ ላይ ያለው ቀለል ያለ የበረራ ሞዴልም መጥፋት አለበት።

አንገት የማዞር ነገር አለ። በመዳፊት እያዩ መዋጋት ከባድ ነው። የጭንቅላት እንቅስቃሴ የሚከታተለው ትራክአይአር ውድ ነው፤ ኦፕንትራክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ተራ የላፕቶፕ ካሜራ ተጠቅሞ የጭንቅላታችሁን እንቅስቃሴ ወደ ጨዋታው ያስገባል። ክፍሉ ብርሃን ካለው በደንብ ይሠራል። እኔ ውድ መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት ይሄ ይሞከር ባይ ነኝ።

ስለ ግራፊክስ ብዙ አልልም። ጥላንና የደመናን ጥራት ዝቅ አድርጉ፣ የኮክፒቱን ጽሑፍ ጥራት ግን አትቀንሱ። ሰዓቶቹን፣ ማለትም የኮክፒቱን መለኪያዎች፣ ማንበብ ካልቻላችሁ የሚቀጥለው ምክር ሁሉ ዋጋ የለውም።

ሞተሩ

ማስታንግ በመጀመሪያ የበረረው በጥቅምት ወር 1940 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አሊሰን የሚባል ሞተር ነበራቸው። ዝቅ ብለው ሲበሩ ግሩም ነበሩ፤ ከፍታ ላይ ግን አቅም ያንሳቸው ነበር። በ1942 እንግሊዞች የሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር ገጠሙለትና ነገሩ ተለወጠ። በዲ ሞዴሉ ላይ ያለው አሜሪካ ውስጥ በፓካርድ ፋብሪካ በፈቃድ የተሠራ መርሊን ነው። ሁለት ደረጃና ሁለት ፍጥነት ያለው ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ አለው። 15,000 ጫማን አልፋችሁ ስትወጡ በራሱ ወደ ከፍተኛው ፍጥነት ይቀየራል፤ ድምፁ ድንገት ሲለወጥና የግፊት ሰዓቱ ሲዘል አትደንግጡ።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት የሞተሩን አያያዝ ስለሚያስረዳ ነው። ትሮትሉ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት ይወስናል፤ ሰዓቱ በኢንች ያሳያል። ሁለተኛው እጀታ የፕሮፔለሩን ዙር ይወስናል። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት። ኃይል ስትጨምሩ መጀመሪያ ዙሩን፣ ከዚያ ግፊቱን። ስትቀንሱ መጀመሪያ ግፊቱን፣ ከዚያ ዙሩን። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ዙሩ ዝቅ ባለ ሞተር ላይ ከፍተኛ ግፊት ትጭናላችሁ፤ ሞተሩ ደግሞ ቂም ይይዛል።

ማስታወስ ያለባችሁ ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። ለመነሳት 61 ኢንች እና በደቂቃ 3,000 ዙር። ለረጅም ጊዜ ሊያዝ የሚችለው ከፍተኛው 46 ኢንችና 2,700 ዙር። በጣም ሲጨንቅ 67 ኢንች አለ፤ እሱ ግን ከ5 ደቂቃ አይለፍ። የማቀዝቀዣው ሙቀት ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ጥሩ ነው፣ 121 የመጨረሻው ነው። ዘይቱ ከ70 እስከ 80፣ ጣሪያው 90። እኔ እነዚህን በወረቀት ጽፌ ከስክሪኑ ሥር ለጥፌያቸው ነበር። አሁን ዓይኔ ሳያስብ ነው የሚያያቸው።

ሞተር የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነት ማነስ ነው። ራዲያተሩ ሆዱ ሥር ነው ያለው። አየር በደንብ ካልገባበት አያቀዘቅዝም። ሰው ከጠላት ሊያመልጥ ብሎ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 130 ማይል ወርዶ፣ ትሮትሉን እስከ ጥግ ይይዛል። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ነጭ እንፋሎት ይታያል፤ አለቀ። ስትወጡ በ46 ኢንችና 2,700 ዙር፣ ፍጥነታችሁን 170 ማይል አካባቢ ይዛችሁ ውጡ። ቀስ ያለ ይመስላል፤ ሞተሩ ግን ይኖራል።

ለማስነሳት የግራ ዊንዶስ ቁልፍና ሆምን አንድ ላይ ብትነኩ ሲሙሌተሩ ራሱ ሁሉንም ያደርግላችኋል። ለመጀመሪያ ቀን ይሁን። ቀጥሎ ግን በእጃችሁ አድርጉት፣ ከባድ አይደለም። የነዳጅ መዝጊያውን ክፈቱና ወደ ግራው የክንፍ ታንክ አዙሩ። ሚክስቸሩ፣ ማለትም የነዳጅና የአየር ቅልቅል እጀታው፣ ነዳጅ በሚቆርጥበት ቦታ ይሁን። ፕሮፔለሩን እስከ ላይ፣ ትሮትሉን ትንሽ ከፈት። ባትሪ፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ጥቂት ሴኮንድ ፕራይመር (ለማስነሻ ነዳጅ የሚረጨው)፣ ማግኔቶ (የሞተሩ ብልጭታ ምንጭ) ሁለቱም፣ ከዚያ አስነሺው። ሞተሩ ሲያስነጥስና ሲይዝ ሚክስቸሩን ወደ መሥሪያው ቦታ ግፉት። ዘይቱ እስኪሞቅ ታገሡት።

መነሳት

እዚህ ነው እግር የሚማረው። ማስታንግ ሲቆም ጅራቱ መሬት ላይ ነው፣ አፍንጫው ሰማይ ያያል። ፊት ለፊት ምንም አይታይም። መሬት ላይ ስትነዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠማዘዛችሁ በጎን መስኮት እያያችሁ ሂዱ። ስቲኩ ወደ ኋላ ሲሳብ የጅራት ጎማው ይቆለፋል፤ ወደ ፊት እስከ ጥግ ሲገፋ ይፈታል። ማኮብኮቢያው ላይ ተስተካክላችሁ ስትቆሙ ጥቂት ወደ ፊት ተንከባለሉና ስቲኩን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆለፍ።

ለምን ወደ ግራ ይስባል? ፕሮፔለሩ ከኮክፒት ሲታይ በሰዓት አዙሪት ይዞራል። ዲያሜትሩ ከ3 ሜትር በላይ ነው፤ የሚያዞረው ሞተር ደግሞ በመነሻ ኃይሉ ወደ 1,500 የፈረስ ጉልበት አለው። የሚወረውረው አየር እየተጠማዘዘ ሄዶ የጅራቱን ግራ ጎን ይመታል፤ አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል። ጅራቱ መሬት ላይ ሳለ ደግሞ የፕሮፔለሩ ቀኝ ጎን ከግራው የበለጠ ይስባል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚገፉት። ስለዚህ ገና ሳትነሱ የመሪውን ትሪም (መሪውን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚይዘውን ማስተካከያ) 6 ዲግሪ ወደ ቀኝ አድርጉ። ይህን ብቻ የዘለለ ሰው ሣር ላይ ነው የሚያገኘው ራሱን።

ትሮትሉን በአንዴ አትስጡ። ቀስ ብላችሁ ወደ 30 ኢንች፣ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲጀምር ወደ 46። ስቲኩን ወደ ኋላ ያዙ፤ የተቆለፈው የጅራት ጎማ እየረዳችሁ ነው። ፍጥነት ሲመጣ መሪው አየር ይይዛል፣ ከዚያ ጅራቱን ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። ጅራቱ በሚነሳበት ቅጽበት አፍንጫው እንደገና ወደ ግራ ይስባል፤ እግራችሁ ቀድሞ መጠበቅ አለበት። መሪውን ረግጣችሁ አትያዙት፤ ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ፣ ለቀቅ ነው። ትልቅ ርግጫ ወደ ሌላው ጎን ይወስዳችኋል። ወደ 110 ማይል ሲደርስ ራሱ መነሳት ይፈልጋል። 61 ኢንች ሳትሰጡ በ46 ብቻ መነሳት ይቻላል፤ ማኮብኮቢያው ረጅም ከሆነ ለተማሪ የምመክረውም እሱን ነው።

መሬት ስትለቁ የእግር ሥራ አያልቅም። በሰዓቶቹ መሃል ትንሽ ጥቁር ኳስ የያዘ የመስታወት ቱቦ አለ። ኳሷ ወደ ቀኝ ከሄደች ቀኝ እግር፣ ወደ ግራ ከሄደች ግራ። ኃይል በጨመራችሁና በቀነሳችሁ፣ ፍጥነት በተለወጠ ቁጥር ኳሷ ትንቀሳቀሳለች። በማስታንግ ጥይት የማይመታበት ትልቁ ምክንያት ይህች ኳስ ናት። አውሮፕላኑ በጎኑ እየተንሸራተተ ከሆነ አፍንጫው ወደሚያይበት አይደለም የሚሄደው፤ ጥይቱም እንዲሁ። እኔ ለልጆች የምሰጠው የመጀመሪያ ልምምድ ይኸው ነው። 10,000 ጫማ ላይ ትሮትሉን ከ30 ወደ 60፣ ከ60 ወደ 30 እያመላለሱ ኳሷን መሃል ላይ ማቆየት። ውጊያ የለም፣ ተኩስ የለም። አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይቀልላል።

ነዳጁ የት እንዳለ እወቁ

ማስታንግ በታሪክ ስሙ የገነነው በርቀቱ ነው። በመጋቢት 1944 ከእንግሊዝ ተነስቶ ቦምብ ጣይዎቹን እያጀበ በርሊን ደረሰ። ለዚያ ርቀት ሲባል ከአብራሪው ጀርባ 85 ጋሎን፣ ማለትም 320 ሊትር ገደማ የሚይዝ ተጨማሪ ታንክ ገጠሙለት። በሁለቱ ክንፎች ያለው 92 ጋሎን በ92 ጋሎን ነው። ከጀርባ ያለው ታንክ ሲሞላ ግን የአውሮፕላኑ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል። ስቲኩን ትንሽ ስትስቡ አፍንጫው ከጠበቃችሁት በላይ ይነሳል፤ ጠበቅ ያለ ዙር ውስጥ ይገለበጣል። የጊዜው አብራሪዎችም ከውጊያ በፊት ከዚህ ታንክ ብዙውን ይጠቀሙ ነበር።

በሲሙሌተሩ ሚሽን ስታዘጋጁ ነዳጁ በመቶኛ ነው የሚሞላው። 68 በመቶ ላይ ስታደርጉት ሁለቱ ክንፎች ሞልተው የጀርባው ታንክ ባዶ ይሆናል። ይህች አንዲት ቁጥር ብዙ ሰው "ማስታንግ አይታጠፍም፣ ይገለበጣል" የሚለውን ቅሬታ ትፈታለች። ለልምምድና ለአጭር ውጊያ ከ68 በላይ አትሙሉ። በረራ ላይም በየጊዜው ከግራው ወደ ቀኙ ታንክ ማዞር አትርሱ።

መትረየሱና ማነጣጠሪያው

መነሳት፣ ማረፍና ኳሷ እጃችሁ ከገቡ በኋላ ፒ-51ዲን አስቡ። ለ14 ቀን በነፃ የመሞከር ዕድል አለ፤ ያኔ ቀኑን በከንቱ አታባክኑትም።

እኔ ቅቡን ስመርጥ ጅራቱ ቀይ የሆነውን ነው የምወስደው። የ332ኛው ተዋጊ ቡድን ምልክት ነው፤ በ1944 ከጣሊያን እየተነሱ ማስታንግ ያበሩ የነበሩ፣ በአሜሪካ አላባማ ግዛት ቱስኪጊ ላይ የሠለጠኑ ጥቁር አሜሪካውያን። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። የቱስኪጊ ተማሪ የነበረው ጆን ሮቢንሰን በ1935 አገራችን መጥቶ ፋሽስት ሲወርረን ትንሿን የአየር ኃይላችንን መርቷል። በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ የበረራን ፍላጎት ካነሳሱት አንዱ እሱ ነው። በ1944 ተመልሶ መጥቶ አብራሪዎች አሠልጥኗል፤ በ1954 እዚሁ በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አልፋ እዚሁ ተቀበረ። ቀዩን ጅራት ባየሁ ቁጥር እሱን አስባለሁ፤ ወጣቶቻችንም ስሙን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ወደ መትረየሱ። ስድስት ናቸው። ሁለቱ የውስጠኞቹ 400 ጥይት ሲይዙ አራቱ የቀሩት 270 ይይዛሉ፤ በጠቅላላ 1,880። ብዙ ይመስላል። ሳታቋርጡ ብትተኩሱ ግን አራቱ በ20 ሴኮንድ ገደማ ያልቃሉ። አንድ ሴኮንድ ተኩሱ፣ አቁሙ፣ እዩ።

ኬ-14 የሚባለው ማነጣጠሪያ ውስጡ ጋይሮ አለው። ስትታጠፉ ከዒላማው ምን ያህል ቀድማችሁ መተኮስ እንዳለባችሁ ራሱ ያሰላል። ለማስላት ግን ሁለት ነገር ትነግሩታላችሁ። አንደኛው የጠላት ክንፍ ርዝመት ነው። ለጀርመኖቹ ተዋጊዎች፣ ለሜሰርሽሚት 109 ወደ 32 ጫማ፣ ለፎከ ቩልፍ 190 ወደ 34 ጫማ አድርጉት። ይህን ከውጊያ በፊት ጨርሱ። ሁለተኛው ርቀቱ ነው። በክብ የተደረደሩ ስድስት ትንንሽ ምልክቶች ታያላችሁ፤ ክቡ የጠላትን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪያቅፍ ማጥበብ ወይም ማስፋት ነው። በእውነተኛው አውሮፕላን ይህ የትሮትሉ እጀታ ሲጠመዘዝ ይሆናል። እናንተም ትርፍ ተንሸራታች ካላችሁ ለዚህ ስጡት፤ ከሌለ አውራ ጣታችሁ በሚደርስበት ሁለት ቁልፍ። ጠላትን በክቡ ውስጥ ለአንድ ሴኮንድ ያህል ረጋ አድርጋችሁ ካልያዛችሁት ጋይሮው ገና እየዋለለ ነው፤ ያኔ የተተኮሰ አይመታም። ኳሷ መሃል ላይ መሆን አለባት ያልኩት እዚህ ላይ ይታያችኋል።

ሲሙሌተሩ ውስጥ ከሚገጥሟችሁ አንዱ የሜሰርሽሚት 109 ኬ-4 ሞዴል ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ከማስታንግ ይበልጣል። ከሱ ጋር ወደ ሰማይ አትውጡ፤ ቀስ ብሎ በሚዞር ክብ ውስጥም አትግቡ። ከላይ ሁናችሁ ጀምሩ፣ ፍጥነታችሁን ከ250 ማይል አታውርዱ፣ አንድ ጊዜ ተኩሳችሁ እለፉና ርቀት ላይ ተመለሱ። የማስታንግ ጥቅሙ ፍጥነቱን ሳያባክን መቆየቱ ነው።

ማረፍ

ፍጥነት ከ170 በታች ሲሆን ጎማ አውርዱ፣ ከ165 በታች ሲሆን ሙሉ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደው ክፍል)። ሚክስቸሩ በመሥሪያው ቦታ፣ ዙሩ 2,700 ይሁን። ወደ ማኮብኮቢያው በ120 ማይል ቅረቡ፤ ጫፉን ስታልፉ 110 ገደማ። ከዚህ በታች ወርዳችሁ ድንገት ትሮትሉን ሙሉ ብትሰጡ ፕሮፔለሩ አውሮፕላኑን ወደ ግራ ሊገለብጠው ይችላል። ማረፍ ካልተስተካከለ ኃይሉን ቀስ እያላችሁ ጨምሩና እንደገና ዙሩ። መጀመሪያ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አስነክታችሁ ጅራቱ በራሱ እንዲወርድ ብትተዉት ይቀላል። ጅራቱ ሲወርድ ስቲኩን ወደ ሆዳችሁ ሳቡ፤ ጎማው ይቆለፋል። አውሮፕላኑ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም እግራችሁን አታሳርፉ። በፍጥነት ሳላችሁ ፍሬን ከያዛችሁ በአፍንጫው ይተከላል።

ማስታንግ ሲለመድ ቀጥሎ ምን ልያዝ ለሚል ሰው እኔ ኤፍ-86 ሴበርን ነው የምመክረው። ዲሲኤስ ውስጥ አለ፤ የእኛም አየር ኃይል ከ1960 ጀምሮ ከደብረ ዘይት አብርሮታል። ኤፍ-5ኢ እና ሚግ-21ም አሉ፤ በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ኤፍ-5ኢ የእኛ፣ ሚጉ የሶማሊያ ሆነው ተገናኝተዋል። ሴበር ጄት ስለሆነ የፕሮፔለር ስበት የለበትም፣ ጎማውም አፍንጫው ሥር ነው፤ መነሳት ላይ እግር ያርፋል። ማነጣጠሪያው ግን የኬ-14ን ሐሳብ ይዞ ርቀቱን በራዳር የሚለካ ነው። ኬ-14ን በደንብ የያዘ ሰው ዒላማውን ረጋ አድርጎ፣ ኳሷን መሃል ላይ አቆይቶ እንደለመደው ይተኩሳል።